ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ የሆነ ፖም፦ መነሻው ምንድን ነው? ምንስ ይደረግበታል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ከቤተሰቤ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ጎብኚው ራሱ እየለቀመ ወደሚገዛበት የፖም እርሻ ሄደን ነበር። ልጄ ከአንድ ዛፍ ላይ የቀጠፈው ፖም ግማሹ ደማቅ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱን የሚለየው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። በዛፉ ላይ ያየናቸው ሌሎች ፍሬዎች በሙሉ ቢጫ ናቸው። ባለቤቴ ሁለት ዓይነት ፖም ተዳቅሎ ነው ይላል። እናቴ ደግሞ መድኃኒት የተረጨበት ወይም ዘረመሉ የተነካካ ሊሆን ስለሚችል ለልጆቹ እንዳልሰጥ አስጠንቅቃኛለች። ለመሆኑ ይህ ምንድን ነው? ይበላል? ዘሩ ቢተከልስ ተመሳሳይ ፍሬ ይሰጣል? ጨንቻ ላይ ፖም የሚያለማ ወንድም ስላለኝ ዘሩን ወይም ቅርንጫፉን ልልክለት አስቤአለሁ። ፎቶውን አያይዣለሁ።»

የባለሙያ ምላሽ፦

በአጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ከላኩት ፎቶግራፍ እንደሚታየው በእጅዎ ያለው ፖም የዕፅዋት ሳይንስ ኪሜራ የሚለው ነው። ይኸውም የዘረመል ይዘታቸው ወይም የዘረመል አሠራራቸው የተለያየ ሁለት ዓይነት ህዋሳት ጎን ለጎን ያደጉበት ፍሬ ማለት ነው። የቀባው ሰው የለም፣ ኬሚካልም አላመጣውም፤ ሳይሠጉ ለልጆችዎ ሊሰጡት ይችላሉ። ዘሩ ግን ይህን መልክ አያወርስም። ሊያወርስ የሚችል ነገር ካለ ፍሬው የተንጠለጠለበት ቅርንጫፍ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፍሬ ሲገኝ ሰው ሁሉ ፍሬውን ይዞ ፎቶ ይነሣል እንጂ የተገኘበትን ቅርንጫፍ ምልክት የሚያደርግበት ጥቂት በመሆኑ፣ ከዚህ በታች በስፋት የምጽፈው ስለዚያ ቅርንጫፍ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ከጥላ የመጣ አለመሆኑን በምን እንደማውቅ ላስረዳ፤ ሁለት ቀለም ያለው ፖም ሁሉ ኪሜራ አይደለምና። ፖም የሚቀላው አንቶሳያኒን የተባለው ቀለም በቆዳው ህዋሳት ውስጥ ሲጠራቀም ሲሆን፣ ይህ ቀለም እንዲሠራ ብርሃን ግድ ነው፤ ብሩህ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ሲፈራረቁም ይበልጥ ይጎላል። በአንድ ፍሬ ላይ ፀሐይ የሚያየው ጎን ቀልቶ በቅጠል የተከለለው ጎን ገርጥቶ የምናገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በጃፓን አንዳንድ ገበሬዎች ፍሬውን በወረቀት ከረጢት ሸፍነው አሳድገው ለቀማው ሲቃረብ ይገልጡታል፤ ፊደል ወይም ሥዕል ያለበት ተለጣፊ ለጥፈውም ፀሐይዋ ራሷ ጽሑፉን በቆዳው ላይ እንድታወጣው ያደርጋሉ። በተፈጥሮ የሚወድቅ ጥላ ግን ጠርዙ ደብዛዛ ነው። ቅጠሉ በነፋስ ስለሚነቃነቅና ፀሐይም አቅጣጫዋን ስለምትለውጥ ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ሮዙ ወደ ቢጫ ቀስ በቀስ ይሸጋገራል። በእርስዎ ፖም ላይ ያለው መስመር ግን ዘንጉ ከገባበት ጎድጓዳ ተነሥቶ በፍሬው ታች ደርቆ እስከቀረው የአበባ ቅሪት ድረስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በወዲያኛው ጎንም እንዲሁ ይመለሳል። ጥላ የፍሬውን የእድገት መስመር ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይጓዝም። ይህን የሚያደርገው አብሮት ያደገ ነገር ብቻ ነው።

ከመብላታችሁ በፊት ልጆቹን አስቀምጠው በቤት ውስጥ ሊያሳዩዋቸው የሚችሉት ነገር አለ። በስለታም ምላጭ ድንበሩን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ያህል የሳሳ የቆዳ ቁራጭ ያንሡና በውኃ ጠብታ ላይ አድርገው፣ ካላችሁ በማይክሮስኮፕ ይመልከቱት። በቀዩ ወገን ያሉት ህዋሳት ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸው ጥቃቅን ክፍሎች ሆነው ይታያሉ፤ ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ቀለሙ በአንድ ጊዜ ይቋረጥና ጥርት ያሉ ቀለም አልባ ህዋሳት ይከተላሉ። የጥላ ውጤት ቢሆን ኖሮ በመካከሉ ቀለማቸው እየቀጠነ የሚሄድ ህዋሳት በተርታ ይታዩ ነበር። ከዚያ ፖሙን በወገቡ በኩል ለሁለት ቢከፍሉት አምስቱን የዘር ክፍሎች ያያሉ፤ ሥጋው በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቢሆን ሊያስደንቃችሁ አይገባም፣ ለውጡ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በቆዳው ላይ ብቻ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚፈጠር ለመረዳት ከፍሬው ወደ እምቡጡ መመለስ ያስፈልጋል። ቅጠል፣ አበባና ቅርንጫፍ ሁሉ የሚመነጩት በእያንዳንዱ እምቡጥ ውስጥ ካለች በዓይን ለማየት ከምታዳግት የእድገት ጫፍ ነው። በዚህች ጫፍ ላይ ህዋሳቱ በሦስት ንብርብር ይደረደራሉ፤ የላይኛው የውጭውን ቆዳ፣ ሁለተኛው ከቆዳው ሥር ያለውን አካልና የዘር ህዋሳቱን፣ ሦስተኛው የውስጠኛውን ክፍል ይሠራል። አንድ ህዋስ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ዘረመሉ በሙሉ ይገለበጣል። አልፎ አልፎም በግልባጩ ላይ ለውጥ ይገባል፤ ሙቴሽን የምንለው ይህን ነው። ለውጡ የገባው ፍሬው ሊበስል ሲቃረብ ከሆነ ማንም የማያያት ነጥብ ሆና ትቀራለች። ፍሬው ለጋ ሳለ ከሆነ ቀጭን ስንጥር ይወጣል። አበባዋ ራሷ ገና የጥቂት ህዋሳት ስብስብ በነበረችበት ጊዜ ከሆነ ግን፣ ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል የተለወጠው ህዋስ እየተከፈለ የሚያስገኛቸው ህዋሳት የፍሬውን ሩብ ወይም ግማሽ ይይዛሉ። ስለዚህ ከቀለሙ ስፋት ተነሥቶ ለውጡ መቼ ገደማ እንደገባ መገመት ይቻላል። የፖም አበባ በእምቡጡ ውስጥ መሠራት የሚጀምረው በሚያብብበት ወቅት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ በሰሜን አሜሪካ ሙቀቱ በሚበረታበት በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ነው። ልጅዎ ዘንድሮ የቀጠፈው ፍሬ መልኩ የተወሰነው አበባዋ ከመፈንዳቷ በፊት ባለው ዓመት ነው ማለት ነው፤ ምናልባትም ከዚያ በፊት።

የተለወጠውስ ምንድን ነው? ቢጫ ፖም ቀይ ቀለም መሥራት የሚያስችለው ጂን (የዘረመል ክፍል) የጎደለው አይደለም፤ ጂኑ አለ፣ ነገር ግን በበቂ ሁኔታ አይሠራም። አንቶሳያኒን የሚሠሩትን ጂኖች የሚያዝዘው ማይብ ከሚባለው የጂን ቤተሰብ የሆነ አንድ ጂን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የቻይና ተመራማሪዎች ጥናት ከዚህ ጂን አጠገብ ቦታውን እየለወጠ ሊገባ የሚችል አንድ የዘረመል ቁራጭ መኖሩ ከፖም መቅላት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህም ሌላ የጂኑ ፊደላት ምንም ሳይለወጡ ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት በጂኑ መነሻ ላይ በመለጠፉ ወይም በመነሣቱ ብቻ ጂኑ ሊዘጋ ወይም ሊከፈት ይችላል፤ ሃኒክሪስፕ በተባለው ፖም ላይ የምናያቸው ቀይና ገርጣታ መስመሮች ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። በእርስዎ ፍሬ ከሁለቱ የትኛው እንደተፈጸመ የሚለየው የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው፤ ለዓይን ግን ውጤቱ አንድ ነው።

ወደ ባለቤትዎ ግምት ልለፍ። ሐሳቡ በብዙ ሰው ዘንድ ያለና ከልምድ የመነጨም ነው፤ ነጭና ቀይ በቆሎ ተጠጋግቶ ሲዘራ በአንድ እሸት ላይ የተቀላቀለ ፍሬ ይወጣልና። በበቆሎ ላይ ይህ የሚሆነው የምንበላው ቅንጣት ራሱ ዘር ስለሆነና ከአባትየው የአበባ ብናኝ የመጣውን ስለሚያሳይ ነው። የፖም ቆዳና ሥጋ ግን ሙሉ በሙሉ የእናትየዋ ዛፍ አካል ነው። ንቧ ብናኙን ከየትኛውም ዛፍ ብታመጣው የአባትየው ድርሻ የሚገኘው በመካከል ባሉት ጥቁር ዘሮች ውስጥ ብቻ በመሆኑ የፍሬውን ቀለም አይለውጥም። በአንድ ግንድ ላይ ሁለት ዓይነት ፖም ግራፍት ቢደረግም፣ ማለትም የሌላ ዛፍ ቁራጭ ተጣብቆ እንዲያድግበት ቢደረግም፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ዓይነት ያፈራል እንጂ አንድ ፍሬ ለሁለት አይከፈልም።

ለዚህ ደንብ ግን አንድ የተከበረ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ለባለቤትዎ ፍትሐዊ ለመሆን ልጥቀሰው። ግራፍት የተደረገበት መገጣጠሚያ ላይ የሁለቱም ተክሎች ህዋሳት የተቀላቀሉበት እምቡጥ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። በ1644 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ ፍሎረንስ የተገኘው ቢዛሪያ የተባለው ዛፍ በዚህ መንገድ የመጣ ሲሆን፣ በአንድ ፍሬ ላይ የኮምጣጣ ብርቱካንና የትርንጎ ክፍሎችን አጣምሮ ያፈራ ነበር። በ1907 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሃንስ ቪንክለር ቲማቲምንና አውጥን በግራፍት አጋጥሞ፣ መጋጠሚያውን ከቆረጠ በኋላ በአንድ ወገን ቲማቲም በሌላው አውጥ የሆነ ቡቃያ አገኘ፤ ኪሜራ የሚለውን ስም ለዕፅዋት የሰጠውም እሱ ነው። የእርስዎ ፖም የተገኘው ግን ከመገጣጠሚያው ርቆ ከላይ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ይህ ምክንያት አይመለከተውም።

የእናትዎ ጥንቃቄ ለልጅ ልጆቻቸው ከማሰብ የመጣ ነውና በአክብሮት እንዲህ ብለው ያስረዷቸው። በቀዩ ወገን ያለው አንቶሳያኒን በማንኛውም ቀይ ፖምና በጥቁር ወይን ውስጥ ያለው ያው ቀለም ነው። የተረጨ መድኃኒት ቆዳን ሊያቃጥል ወይም ሊያዥጎረጉር ይችላል፤ ከዘንጉ እስከ ታች ቀጥ ያለ ድንበር አበጅቶ ግማሹን ብቻ ደማቅ ቀይ ሊያደርግ ግን አይችልም። በቤተ ሙከራ ዘረመሉ ተለውጦ በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ ፖም አለ፤ አርክቲክ በሚል ስም የሚታወቀው ሲሆን በ2015 እ.ኤ.አ. የተፈቀደ ነው። በእርሱ ላይ የተለወጠው ግን ሲቆረጥ እንዳይጠቁር የሚያደርገው ባሕርይ እንጂ የቆዳው ቀለም አይደለም። ማንኛውንም ከእርሻ የመጣ ፍሬ እንደምናጥበው በሚወርድ ውኃ አጥቦ መብላት ይበቃል።

ዘሩን በተመለከተ ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም። ፖም በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለማይጸንስ እያንዳንዱ ዘር ግማሹን ከሌላ ዓይነት ዛፍ የወሰደ አዲስ ተክል ነው፤ በአንድ ፖም ውስጥ ያሉ ዘሮች እንኳ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። በዚያ ላይ የዘር ህዋሳት የሚመነጩት ከሁለተኛው ንብርብር በመሆኑ፣ ለውጡ በላይኛው ቆዳ ላይ ብቻ ካለ ወደ ዘሩ ጨርሶ አይደርስም። ልጆቹ ለማየት ያህል ቢተክሉት ደስ ይለኛል፤ ዘሩን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር በፍሪጅ ማቆየት ስለሚያስፈልግ ትዕግሥትንም ይማሩበታል። ከዚያ የሚበቅለው ግን ሌላ ዛፍ ነው።

አሁን ወደ ቅርንጫፉ። በዓለም ገበያ ላይ የምናውቃቸው ብዙ ፍራፍሬዎች የተገኙት በአዳቃዮች ልፋት ሳይሆን፣ በለቀማ ጊዜ አንድ ቅርንጫፍ ከሌሎቹ መለየቱን ባስተዋለ ሰው ዓይን ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኒው ጀርሲ የአንድ ገበሬ የደሊሽየስ ፖም ዛፍ አንድ ቅርንጫፉ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚቀላ ፍሬ ማፍራቱ ታየ፤ ስታርክ ወንድማማቾች የተባለው የችግኝ ድርጅት ያንን ቅርንጫፍ በ6000 ዶላር ገዝቶ ስታርኪንግ በሚል ስም አሰራጨው። ከዚያ በኋላ ከቀዩ ይበልጥ የቀላው እየተመረጠ ስለሄደ፣ በእኔ አስተያየት የዚህ ፖም ጣዕም ለመልኩ መሥዋዕት ሆኗል፤ የሚያምር ቅርንጫፍ ያገኘ ሰው ሳይቀምስ መደሰት የለበትም የምለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ከሮዝ ግሬፕፍሩት ዛፍ ላይ የተገኘ አንድ ቅርንጫፍ ሩቢ ሬድ የተባለውን ቀይ ግሬፕፍሩት አስገኘ። በ1976 እ.ኤ.አ. በቬኔዝዌላ ካራ ካራ በተባለ እርሻ ሥጋው ቀላ ያለ ብርቱካን ተገኝቶ ዛሬ በእርሻው ስም በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል። በታችኛው ጫፉ ላይ ሌላ ትንሽ ብርቱካን ያዘለው፣ ዋሽንግተን ኔቭል የምንለው ዘር አልባ ብርቱካንም መነሻው በብራዚል ባሂያ የታየ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲሆን፣ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ከገቡት የመጀመሪያ ዛፎች አንዱ ዛሬም ሪቨርሳይድ ከተማ ውስጥ ቆሟል። ዘር ስለሌለው በዓለም ያለው የዚህ ብርቱካን ዛፍ ሁሉ በግራፍት የተራባ ነው።

እርስዎ ባገኙት ፍሬና በእነዚህ መካከል ያለውን ልዩነት ግን ልደብቅዎ አይገባም። እነዚያ ቅርንጫፋቸው በሙሉ የተለወጠ ነበሩ፤ ግማሽና ግማሽ የሆነ ፍሬ ግን ብዙውን ጊዜ ለውጡ በዚያች አንዲት አበባ ውስጥ ብቻ መኖሩን ያመለክታል፤ እንደዚያ ከሆነ ፍሬው ሲቀጠፍ ነገሩ አብቅቷል። ይሁንና ለውጡ የጀመረው ከአበባዋ በፊት፣ በቅርንጫፉ የእድገት ጫፍ ላይ ከነበረ፣ የተለወጡት ህዋሳት በእንጨቱ አንድ ወገን ወርደው ይገኛሉ። በዚያ ወገን የሚያቆጠቁጥ እምቡጥ ሙሉ በሙሉ ቀይ ፍሬ የሚሰጥ፣ በወዲያኛው ወገን ያለው እንደ ወትሮው ቢጫ፣ ልክ በድንበሩ ላይ ያለው ደግሞ እንደገና የተከፈለ ፍሬ የሚሰጥ ይሆናል። ይህን ማወቅ የሚቻለው በሚቀጥሉት ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ያንኑ ቅርንጫፍ በማየት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሳይዘገዩ ለእርሻው ባለቤት ደውለው ፎቶውን ይላኩላቸው፤ በእንዲህ ያሉ እርሻዎች ተራዎቹ ብዙ ጊዜ ቁጥር ወይም የዓይነቱ ስም ስላለባቸው የተራውን ቁጥርና ዛፉ ከመንገዱ ስንተኛ እንደሆነ ቢያስታውሱ ይጠቅማል። ፖም ዓመት ከዓመት በሚያፈራባቸው አጫጭርና ጉብጥብጥ ቅርንጫፎች ላይ የተቀጠፈው ፍሬ ጠባሳ ይተዋልና፣ ቦታው ከተገኘ በማይበሰብስ ሪባን ታስሮ በብርዱ ወራት በሚደረገው ቅርንጫፍ ቆረጣ ጊዜ እንዳይቆረጥ ማድረግ ይገባል። በራስዎ ፈቃድ ቁራጭ ወስደው እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ። ዛፉ የባለቤቱ ነው፤ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በአሜሪካ ሕግ በግራፍት የሚራባ አዲስ ዓይነት፣ እንዲህ በቅርንጫፍ ላይ የተገኘውን ጨምሮ፣ የባለቤትነት መብት ሊወጣበት ይችላል።

ወደ ጨንቻ ስለመላክ የምሰጠው መልስ ቁርጥ ያለ ነው፤ እባክዎ አይላኩ። ቅርንጫፍ በሻንጣ ሲጓዝ በዓይን የማይታይ ቫይረስና ባክቴሪያ አብሮት ይጓዛል። በሰሜን አሜሪካ የፖምና የፒር ዛፎችን ቅርንጫፋቸው በእሳት የተለበለበ እስኪመስል ድረስ የሚያደርቀው ፋየር ብላይት የተባለው በሽታ በዚህ መንገድ ሊሻገር ይችላል። ፖም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በሚስዮናውያን እጅ ወደ ጨንቻ ገብቶ ዛሬ ለብዙ የጋሞ ደጋ ቤተሰብ የፍሬም የችግኝም ገቢ ሆኗል፤ ችግኙ ከዚያ ወደ ሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ስለሚሄድ አንድ የታመመ ቁራጭ የሚያደርሰው ጉዳት በወንድምዎ ማሳ ላይ አያቆምም። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የኳራንቲን ሥርዓት የተዘረጋው ይህን ለመከላከል ነው።

ወንድምዎ ግን ከእርስዎ ፖም የበለጠ ነገር በገዛ ማሳቸው ሊያገኙ ይችላሉ። በብራዚል ሳንታ ካታሪና ግዛት ከኢምፔሪያል ጋላ ፖም ዛፍ ላይ የተገኘ አንድ ለውጥ ቀለሙ ሳይሆን የቅዝቃዜ ፍላጎቱ ተለውጦ፣ ካስቴል ጋላ በሚል ስም የብርድ ወራታቸው ለዘብ ባለ አካባቢዎች ይተከላል። ፖም እምቡጡ በደንብ እንዲፈነዳ የተወሰነ የቅዝቃዜ ጊዜ ስለሚፈልግና የኢትዮጵያ ደጋ ይህን በበቂ ስለማይሰጥ፣ ለእኛ አገር ገበሬ ከማንኛውም ቀለም ይበልጥ የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ለውጥ ነው። በመሆኑም በለቀማ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እምቡጥ በሚፈነዳበት ሰሞን ዛፎቹን እየዞሩ፣ ከዛፉ ሌላ አካል ቀድሞ የሚያቆጠቁጥ ወይም ሌላው ራቁቱን ሳለ በደንብ የሚያብብ ቅርንጫፍ ካለ ምልክት ያድርጉበት። ያው ቅርንጫፍ በሚቀጥለው ዓመትም ከደገመው ጥቂት ቁራጭ ወስደው ግራፍት ያድርጉ፤ ችግኞቹንም ከእናትየዋ ዛፍ በተራቡ ሌሎች ችግኞች ጎን፣ በአንድ ዓይነት አፈርና እንክብካቤ ይትከሏቸው። ፍሬ ይዘው ባሕርያቸውን እስኪያሳዩ ድረስ ግን ለጎረቤት ባይሸጡት ይሻላል፤ ያልጸና ለውጥ በግራፍት ወቅት ወደ ቀድሞው መልክ ሊመለስ ይችላልና።